ሰዓቱ በአማቴ እጅ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ከሩጫ የዕረፍት ቀን። በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። አሠልጣኛችን ጋሽ ፊሽካ ያዘዙት ነው... ደም ይመለሳል፣ ባት ይፍታታል፣ ምናምን። አማቴ በሩን ከፍተው ቆመው አዩኝ።

«ማን ሰቀለህ?»

«ዕረፍት ላይ ነኝ፣ እማማ።»

«የሰው ልጅ ሲያርፍ ጭንቅላቱ ነው ወደ ላይ፣ ልጄ» ብለው በሩን ዘጉት።

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ቁልፍ ስቀርጽ ዋልኩ። ኪዮስኳ ወንበር አታስገባም። አንዷ ደንበኛ የአንድ በር ቁልፍ ስድስት አድርገህ ቅረጽልኝ አለች። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነው ያለው? ስላት «ብቻዬን ነኝ፤ ግን እጥላለሁ» አለችኝ። እንዲህ ዓይነቱን ደንበኛ ያብዛልኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ፊሽካ ደወሉ።

«ቅድም ልብህ ምን ሆኖ ነው እንደዚያ የዘለለው?»

«አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል ሮጬ...»

«ያምልጥህ! ዕረፍት ነው ያልኩህ!»

እጄ ላይ ያለው ሰዓት የልቤን ምት ቆጥሮ ወደ ስልካቸው ይልካል። የት እንዳለሁም ጭምር። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ተማሪ ሲያጡ እኛን አገኙ። ፊሽካው ዛሬም አንገታቸው ላይ ነው... ሲተኙ ያወልቁት ይሆን?

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ለምን እንደምለፋ ልጻፈው፤ ኋላ እንዳልረሳው።

መጋቢት 13 የዱላ ቅብብል ውድድር አለ። አራት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አምስት ኪሎ ሜትር። አምና ተጠባባቂ ነበርኩ። ተጠባባቂ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው... የአራቱንም ጃኬት ክንዴ ላይ ደርድሬ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ዙር የሚሮጠው ባንክ ሠራተኛ «መስቀያ» አለኝ። ሁለተኛና ሦስተኛ የሚሮጡት መንትዮች ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ መስቀያ ነኝ። እንዲያውም ሚስቴ ራሷ አንድ ቀን አምልጧታል።

ዘንድሮ አራተኛዋ ሯጭ ወለደች። ቦታው ክፍት ነው፤ ከእኔ ሌላም ሰው የለም። ፊሽካ ግን «ቦታው ያንተ የሚሆነው ማረፍ ከተማርክ ነው። ያላረፈ እግር ይዤ ከምገባ ቡድኑ ቢቀር ይሻለኛል» አሉ። የሚሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

ኀሙስ፣ የካቲት 5

ሶምሶማ። ቀስ ያለ። «እየሮጥክ ተረት ማውራት መቻል አለብህ» ብለዋል። ለማን ላውራ? ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት አለፈችኝ። ሕፃኑ ዞሮ እጁን አውለበለበልኝ!

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል ፊሽካ። ይሂድ። እንቁላሉ ውድድር አልተመዘገበም።

ቤት ገብቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ያደረግኳትን የውሃ ጠርሙስ ከተረከዜ ሥር አንከባለልኩ። ይቺ ብቻ ደስ ትለኛለች። ሚስቴ ትናንት ሳታውቅ ከእሷው ቀድታ ጠጣች። አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

መላ መጣልኝ። ሰዓቱ ልብ ይቆጥራል እንጂ የማን ልብ እንደሆነ በምን ያውቃል?

አማቴ ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ በየጠዋቱ በእግር ይሂዱ፣ ጨው ይተዉ ብሏል። መሄዱን እስከ በሩ አግዳሚ ወንበር ሄደው ይቀመጡና ይመለሳሉ። ጨዉን ግን ሚስቴ እንደ ካዝና ነው የምትጠብቀው። የቤታችንን ሾርባ የሚጠጣ ሰው ኃጢአቱን ያስታውሳል።

«እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ይቺን ሰዓት አጥልቀው መናፈሻው ድረስ ዘወር ቢሉልኝ...»

«ለምን?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊሽካ በዕረፍት ቀን የሚፈቅዱት ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ብቻ እንደሆነ ጭምር። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው እስኪላቀቅ ሳቁ። በእጃቸው መለሱት።

«ኦቾሎኒ» አሉኝ። «ጨው ያለው።»

ተስማማን። የምንደብቀው ከበሩ ኋላ ባለው አሮጌ የመሮጫ ጫማዬ ውስጥ ነው። ከሽታው የተነሳ ሚስቴ ወደዚያ አትጠጋም። ኦቾሎኒው በፌስታል ነው እንግዲህ... እኛም ክብር አለን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

እሳቸው ወደ መናፈሻው፣ እኔ ወደ ጡብ ፋብሪካው ጀርባ። በረርኩ! ባንክ ሠራተኛውን በሐሳቤ ደጋግሜ ቀደምኩት። አንዴማ ጃኬቱን ወረወርኩለት።

ስመለስ የፊሽካ የድምፅ መልእክት ጠበቀኝ። «እንዲህ ነው ዕረፍት! ልብህ እንደ ሕፃን ሆኗል! ኮራሁብህ!»

ለአማቴ አሰማኋቸው።

«ድገመው እስቲ» አሉኝ። ደገምኩት። አሁንም ድገመው አሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ስንት ዓመታቸው ነው... «ኮራሁ» ያላቸው ሰው ኖሮ ያውቃል?

ረቡዕ፣ የካቲት 11

አሁን እኔ አልቀሰቅሳቸውም፤ እሳቸው ይቀሰቅሱኛል። «ተነሣ፣ ሰዓቱን አምጣ!» ሲመለሱ ደግሞ «ዛሬስ ምን አለ ሰውየው?» ነው ጥያቄው። አግዳሚ ወንበሯን ካዩዋት ሰነበቱ።

ኦቾሎኒው አልጎደለም። ምነው እማማ? ብላቸው «ከበላሁት ውሃ ይጠማኛል። መናፈሻው ውስጥ ደግሞ ቧንቧ የለም» አሉኝ። ውል ውል ነው ብዬ ዛሬም ጨመርኩበት።

እሑድ፣ የካቲት 15

የቡድን ልምምድ። ሰዓቱ በገዛ እጄ። እግሬ ግን የማን እንደሆነ እንጃ... ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ። መንትዮቹ እያወሩ አለፉኝ። ተረት ነበር የሚያወሩት።

ፊሽካ ስልካቸውን ያያሉ፣ እግሬን ያያሉ። ስልኩን፣ እግሬን።

«ስልኩ ሌላ ይላል፣ እግርህ ሌላ» አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ገባኝ! አብዝተህ አርፈሃል። ሰንፈሃል ማለት ነው!»

በሳምንት ሁለት ከባድ ልምምድ ጨመሩብኝ። ጉድ ፈላ! በድብቅ የምሮጠው ሳያንስ አሁን ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ልሞት ነው። የድብቁን ልተወው? መተው ነበረብኝ... ግን ተደብቀው የሮጡት ሩጫ እንዴት ይጥማል!

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ኪዮስክ ውስጥ ቁልፍ እየቀረጽኩ ሳለ ፊሽካ ደወሉ። «ጠዋት ልብህ ምን አየ? እስከ ጣሪያ ወጣ እኮ!»

«መንገድ ላይ ከደንበኛ ጋር ተጣልቼ ነው፣ ጋሼ።»

«አትጣላ! ሰው ሲሰድብህ ስቀህ እለፍ!»

ቤት ገብቼ አማቴን ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ካዱ። ቀጥሎ ቲማቲም ሻጩ ነው ያናደደኝ አሉ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

«ሮጥኩ።»

«ምን አሉ?»

«ትንሽ ነው። ከአንዱ ዛፍ እስከ አንዱ ዛፍ። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ። ማንም አላየኝም።» ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። «ለልጄ ብትነግራት ኦቾሎኒውን አወጣዋለሁ።»

እሑድ፣ የካቲት 22

ተመረጥኩ!!

ፊሽካ ሁሉንም ሰብስበው ንግግር አደረጉ። «ከእናንተ ውስጥ ማረፍ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ከእሱ ተማሩ!» እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ ራሴን ዝቅ ዝቅ አደረግኩ። የመጨረሻው ዙር የእኔ ነው። ባንክ ሠራተኛው እጄን ጨብጦ «ታዲያ ዘንድሮ ጃኬቱን ማን ሊይዝ ነው?» አለ። ከዚህ በላይ ምን አለ?

አንድ ነገር ብቻ... ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ይወጋኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

ወጌሻው ተረከዜን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጮህኩ።

«ስንት ጊዜ ታርፋለህ?»

«በደንብ ነው የማርፈው።»

«አንተ ታርፍ ይሆናል» አለኝ። «ይሄ እግር ግን አላረፈም።»

አንድ ወር ሩጫ የለም። አንድ ወር! ውድድሩ እኮ ደረሰ። ለፊሽካ ምን ልበላቸው? የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል... እኔ ደግሞ የራሴን ተረከዝ ነክሼ ቁጭ አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እስከዚያው ይሻለኝ ይሆናል።

ዓርብ፣ የካቲት 27

ሚስቴ እናቷን ሐኪም ቤት ወስዳ በደስታ እያለቀሰች ተመለሰች። ግፊቱ ወርዷል! ሐኪሙ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ በሌላ ለክቷል።

«አየህ? ጨው መከልከሌ!» አለችኝ።

አማቴን አየኋቸው። እሳቸው ጣሪያውን አዩ።

ሰኞ፣ የካቲት 30

አልተሻለኝም። ደረጃውን በጎን ነው የምወርደው። ሚስቴ ምን ሆነህ ነው ብትለኝ አዲስ የማፍታቻ ዘዴ ነው አልኳት። ፊሽካ ያዘዙትን ከባድ ልምምድ ደግሞ የሰዓቱ ባትሪ አልሞላም፣ ዝናብ ነበር፣ ደንበኛ በዛ እያልኩ አሳልፋለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት።

አማቴ እንደ ወትሯቸው ሰዓቱን ይዘው ወጥተዋል። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ጠርሙሴን እያንከባለልኩ ነው። ከመንገድ ፊሽካ ሰማሁ። ፊ! ፊ! ፊ! በሩ ተበረገደ። አማቴ ቀሚሳቸውን እንደሰበሰቡ ገቡና በሩን ቆለፉ።

«ሌባ እያባረረኝ ነው!»

«ምን ዓይነት ሌባ?»

«ፊሽካ የሚነፋ!»

ከፈትኩት። ጋሽ ፊሽካ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ቆመዋል። ቀይ መለያ በእጃቸው ይዘዋል፤ ቁጥር አራት። የእኔን መለያ። ለካ በድንገት ላስደስተው ብለው ስልካቸው ያሳያቸውን ተከትለው መናፈሻው ድረስ ሄደው ነበር።

«አንዲት... ሴትዮ... ሰዓትህን ሰርቃ... እዚህ ገባች... ልደርስባት... አልቻልኩም...»

«ጋሼ... አማቴ ናቸው።»

ያን ጊዜ ነው አማቴን ያዩዋቸው። ከዚያ ሰዓቱን። ከዚያ ወለሉ ላይ ያለውን ጠርሙስና ተረከዙን ያነሣሁትን እግሬን። ሚስቴ ከውስጥ «ምን ተፈጠረ?» ብላ ብቅ ስትል አማቴ ቀደሟት። «ምንም። ሰውየው ውሃ ጠምቶት ነው።»

ፊሽካ ግን አስተማሪ ናቸው፤ ተማሪ ሲዋሽ ያውቃሉ። አልጮሁም። «የምትሮጥበትን ጫማ አሳየኝ፤ ተረከዙ እንዴት እንዳለቀ ልየው» ብለው ከበሩ ኋላ ያገኙትን አነሡ። አሮጌውን። ገለበጡት። ፌስታሉ ወደቀ፣ ተፈታ፣ የአንድ ወር ኦቾሎኒ ወለሉን ሞላው። ፊሽካ አንዱን አንሥተው ቀመሱት።

«ጨው አለው» አሉ።

ሚስቴ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። «እኔ ለካ እዚህ ቤት ሁለት ልጅ ነው የማሳድገው!»

ሁሉንም ተናገርን። አንዱ ሲያቆም ሌላው እየቀጠለ። ፊሽካ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ቆዩ። «ስለዚህ... አንድ ወር ሙሉ ያሠለጠንኩት እሳቸውን ነው?» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ መለያውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙ።

«ቡድኑ አይገባም። ደህና ዋሉ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ደረጃውን ሲወርዱ ኮቴያቸውን እስከ ታች ሰማሁት። አፈርኩ። መስቀያ መባል ምን ነበረበት? አምና እኮ ቢያንስ ቡድን ነበረን።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ልምምድ አልሄድኩም። ባንክ ሠራተኛው «ምን አድርገህ ነው የተሰረዝነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ቁርስ ላይ አማቴ ዳቦአቸውን አስቀመጡ።

«አምስት ኪሎ ሜትር ስንት ዛፍ ይሆናል?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሰውየው ልብሽ እንደ ሕፃን ነው ብሎኛል።»

«እማማ፣ እሱን ያሉት ለእኔ ነበር።»

«ለልቡ ባለቤት ነው ያለው» አሉና ዳቦአቸውን አነሡ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ሚስቴና አማቴ ተያይዘው መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ፣ ቀጥሎ ፊሽካ ጋ ሄዱ። እኔ እንድከተል አልተፈቀደልኝም። ሐኪሙ ቀስ ካሉ፣ ሲደክማቸው በእርምጃ ካደረጉት ይችላሉ ብሏል። ፊሽካ ደግሞ መጀመሪያ እንቢ አሉ፣ ከዚያ ለአማቴ «እኔን ያስሮጡኝ እርስዎ ነዎት፤ እንግዲህ ምን እላለሁ» አሉ። የውድድሩ ደንብ አራት ሰው ይላል እንጂ ዕድሜ አይልም።

መለያው ሰፍቷቸዋል። ከሹራባቸው በላይ አጥልቀውት ሲያበስሉ ዋሉ።

ማታ ፊሽካ ስልክ ደወሉልኝ። ልቤ ዘለለች። ደግነቱ ሰዓቱ አሁን በእማማ እጅ ነው፤ የሚያይ የለም።

«እሑድ ትመጣለህ። የምትሠራውን ታውቃለህ።»

አውቃለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 13

የሦስት ሰው ጃኬት ግራ ክንዴ ላይ። መንትዮቹ ሲያስረክቡ ሦስተኛ ነበርን! ሦስተኛ! ባንክ ሠራተኛው ላቡ እየተንጠባጠበ አጠገቤ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

አማቴ ዱላውን ለመቀበል ከመቆማቸው በፊት ወደ እኔ መጡ። ሹራባቸውን ሰጡኝ። ቦርሳቸውን ሰጡኝ። ቀጥሎ ፊታቸውን ዞር አድርገው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር መዳፌ ውስጥ ሸጎጡ።

ጥርሳቸው!

«ስሮጥ ይንገጫገጭብኛል» አሉኝ፣ በባዶ ድዳቸው። «እንዳትጥለው።»

ዱላውን ተቀብለው ሄዱ። ሁሉም አለፏቸው። ያኛው ቡድን፣ ይሄኛው ቡድን፣ አንድ እንደ ፍየል የሚዘል ልጅ... ከዚያ በመታጠፊያው ጠፉ። ጠበቅን። ሌሎቹ እየገቡ ውሃ እየጠጡ ፎቶ ይነሣሉ። እኛ እንጠብቃለን። ሚስቴ እጄን ልትይዝ ፈልጋ የምትይዘው እጅ አጣች። ቢወድቁስ? ይሄ ሁሉ የመጣው በእኔ ተንኮል አይደለም? አንድ ነገር ቢሆኑ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?

ፊ! ፊ! ፊ!

መጀመሪያ የታዩት ጋሽ ፊሽካ ናቸው፤ በዳር በኩል እየሮጡ፣ ፊሽካቸውን እየነፉ። ከጎናቸው አማቴ፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ፣ ዱላውን በሌላው። ከፊታቸው አንድ ጎረምሳ ባቱን ይዞ ያነክሳል። ደረሱበት። አለፉት! ሲያልፉት የሆነ ነገር አሉት። ኋላ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ዕረፍት አታውቅም እንዴ? ነው ያልኩት» አሉኝ።

ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣን። አማቴ ዱላውን ወደ ላይ አንሥተው ያለ ጥርስ ሲስቁ አየሁና እንባዬ መጣ። መጥረግ ፈለግኩ፤ አልቻልኩም... ሁለቱም እጄ ተይዟል። ባንክ ሠራተኛው ክንዴ ላይ የተንጠለጠለውን የራሱን ጃኬት እጅጌ አንሥቶ ዐይኔን ጠረገልኝ።

«አይ መስቀያ» አለኝ።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ስሙ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

እውነተኛ ዕረፍት። ጠዋት በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ተረከዜ መውጋቱን ቀነስ አድርጓል። ሸለብ አድርጎኝ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ፊሽካ ናቸው።

«አማትህ ስልካቸውን አላነሣ አሉኝ። የዛሬውን ዕረፍታቸውን እያየሁ ነው፤ ከቤት ንቅንቅ አላሉም! ልባቸው እንደ ሕፃን! ኮራሁብዎት ብሏል በልልኝ!»

ምን? ግራ ገብቶኝ እጄን ዐይኔ ላይ ሳደርግ አየሁት። ሰዓቱ። የእጄ አንጓ ላይ፣ አማቴ በሚያስሩበት የማሰሪያው ቀዳዳ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። በሩን አየሁ። የመሮጫ ጫማቸው የለም። ቀይ መለያውም ከመንጠልጠያው ወርዷል።

«የት ናቸው አሁን?» አሉ ፊሽካ።

«ተኝተዋል፣ ጋሼ። እግራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው።»

ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ቅንድቧን አነሣችና ሄደች።

ስልኩን ዘግቼ አሮጌ ጫማዬን ሳብ አደረግኩት። ያልኩት አልቀረም። እፍኝ ኦቾሎኒ፣ በፌስታል። የእኔ ክፍያ መሆኑ ነው። ቀመስኩት... ጨው የለውም።

እግሬን መልሼ ሰቀልኩ። እስኪመለሱ ድረስ ሳቄን መያዝ አለብኝ፤ ልቤ ከዘለለች እናልቃለን።